ስኮሩን ለጊዜው ተወው፣ መጀመሪያ የእምቢታውን ደብዳቤ አውጣው

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። የመኪና ሎን ጠይቄ በክሬዲት ስኮር፣ ማለትም ብድር በአግባቡ እከፍል እንደሆነ በሚለካው ነጥብ፣ ምክንያት ከለከሉኝ። እኔ እኮ ሁሉንም በሰዓቱ ነው የምከፍለው። ስኮሬን እንዴት እንዳሰሉት እንዲያሳዩኝ በሕግ ማስገደድ እችላለሁ? ስለ አንድ የቆየ ሂሳብም ከባንክ ጋር በስልክ እየተነጋገርን ነው፣ እናስተካክላለን ብለውኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅከውን ቶሎ ልመልስልህና ወዳልነገርከኝ ልሂድ። ቀመሩን ራሱን አምጡ ብለህ ማስገደድ አትችልም፣ የንግድ ሚስጥር ነው። የስኮሩን ቀመር የሚያወጣው ድርጅት ፋይኮ በጥቅሉ የሚናገረው ግን የታወቀ ነው፤ 35 በመቶ የክፍያ ታሪክህ፣ 30 በመቶ ያለብህ ዕዳ፣ የቀረው ክሬዲትህ የቆየበት ጊዜ፣ ዓይነቱና አዲስ ማመልከቻዎችህ ናቸው። በ1970 የወጣውና በ2003 የተሻሻለው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ደግሞ የሰዉን የብድር ታሪክ ከሚሰበስበው ድርጅት፣ ከክሬዲት ቢሮው፣ ስኮርህን፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሚለካ፣ መቼ እንደተሰላና በዋናነት የጎዱህን ምክንያቶች የመጠየቅ መብት ይሰጥሃል። አበዳሪውም ቢሆን ቁርጥ ያለ ምክንያት መስጠት አለበት፣ "ስኮርህ አልደረሰም" ብቻ ብሎ ማለፍ አይችልም፣ ኮምፒውተሩ ነው የወሰነው ማለትም አያድነውም። አውሮፓ ብትሆን ኖሮ ትንሽ ይሻልህ ነበር፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2025 አሠራሩን ሰው በሚገባው መንገድ ማስረዳት አለባችሁ ብሏል።

አሁን ወደ ዝምታህ። ሲከለክሉህ በጽሑፍ አሳውቀውሃል መሰለኝ፣ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። የተጠቀሙበት ስኮር፣ ሪፖርቱን የሰጠው ቢሮ ስም፣ ምክንያቶቹም ወይም እነሱን የመጠየቅ መብት እንዳለህ የሚገልጽ ቃል እዛ ላይ መኖር አለባቸው። አንተ ግን ስለሱ አንድ ቃል አልጻፍክልኝም። ወይ ሳታነበው ጥለኸዋል ወይ ደግሞ ያልወደድከው ነገር አለበት። ምክንያቱ ካልተጻፈበት በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ጠይቅ፣ በዛው 60 ቀን ውስጥ ከተጠቀሰው ቢሮ ሪፖርትህን በነፃ ታገኛለህ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ እግረ መንገድህን ያነሳሃት የባንኩ ስልክ ናት። ስንቱ ደንበኛ በዚህች እንደሚጎዳ ብነግርህ! ስድስት ወር ሙሉ ይደውላል፣ ደግ የሆነች ሠራተኛ ታገኘዋለች፣ እናስተካክላለን ትለዋለች፣ እሱም አምኖ ይቀመጣል፣ ከዛ እኔ ጋ ሲመጣ በእጁ አንዲት ወረቀት የለም። ሕጉ እንዲህ ነው፤ የተሳሳተ መረጃ የላከውን ባንክ አላጣራም ብለህ ለመክሰስ መጀመሪያ ስህተቱን ለክሬዲት ቢሮው አቤት ማለት አለብህ፣ ቢሮው ለባንኩ ሲያስተላልፍ ነው ባንኩ ላይ አንተ ልትከስበት የምትችለው የማጣራት ግዴታ የሚመጣው። ለባንኩ በቀጥታ መቶ ጊዜ ብትደውል ያ በር አይከፈትም። ስለዚህ ዛሬውኑ ስህተቱ ለሚታይበት ለእያንዳንዱ ቢሮ፣ ለኢኩዊፋክስም ለኤክስፔሪያንም ለትራንስዩኒየንም ለየብቻ ዲስፒዩት፣ ማለትም የስህተት አቤቱታ፣ ጻፍ፣ የማስረጃህን ኮፒ አያይዝ፣ ኦሪጅናሉን እንዳትልክ፣ በአደራ ፖስታ (ሰርቲፋይድ ሜይል) ላከውና ደረሰኙን አስቀምጥ። በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መመለስ አለባቸው። የስልክ ጥሪዎቹንም ቀንና የሠራተኛዋን ስም ሳትረሳ ጽፈህ ያዝ። ክስ የሚቀርበው ጥሰቱን ካወቅክ በ2 ዓመት ውስጥ ስለሆነ በ"እናስተካክላለን" ጊዜህን አትጨርስ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ። ሂሳቡ የማን ነው? "የቆየ ሂሳብ" አልክ እንጂ "የኔ ያልሆነ" አላልክም። ለዘመድ ወይ ለጓደኛ ኮሳይን አድርገህ፣ ማለትም ብድሩ ላይ አብረህ ፈርመህ፣ እሱ መክፈል አቁሞ ከሆነ ያ ስህተት አይደለም፣ በሕግ ያንተም ዕዳ ነው፣ ያልተከፈለበት ታሪክ እስከ 7 ዓመት ሪፖርትህ ላይ ሊቆይ ይችላል፣ ዲስፒዩት አያጠፋውም። እንደዛ ከሆነ የኔ አይደለም ብለህ እንዳትጽፍ፣ እለምንሃለሁ፣ በኋላ በራስህ ላይ ማስረጃ ይሆንብሃል። መንገዱ ሌላ ነው፣ ከባንኩ ጋር በጽሑፍ መደራደር ነው።

እኔ ወረቀቶችህን ሳላይ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም። የእምቢታውን ደብዳቤ፣ የሦስቱንም ቢሮዎች ሪፖርትና የፈረምክበትን ውል ይዘህ በምትኖርበት ስቴት ፈቃድ ያለው የኮንሲዩመር (የሸማቾች መብት) ጠበቃ አማክር። ገንዘብ የለኝም ብለህ አትቅር፣ በዚህ ሕግ ስታሸንፍ የጠበቃውን ወጪ የሚከፍለው የተከሰሰው ድርጅት ስለሆነ አንዳንዶቹ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቁ ጉዳይህን ይይዙልሃል። ከዛ በፊት ግን ደብዳቤው የደረሰህን ቀን ፈልግና 60ውን ቀን ቁጠር።