765 ሚሊዮን ዶላር ምን ይገዛል? የቤዝቦል ገበያና የ2026 ውድድር፣ ጥያቄና መልስ

ቤዝቦልን የለመድኩት በታክሲ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ስነዳ፣ ጨዋታ ባለበት ማታ ሁሉ የከተማው ቡድን የናሽናልስ ሜዳ፣ ናሽናልስ ፓርክ አካባቢ እቆም ነበር። የሚሳፈረው ሁሉ "አየኸው?" ይለኛል። ዝም ማለት ሲሰለቸኝ በሬዲዮ መከታተል ጀመርኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ቡድኖቹ በብርዱ ወራት ሲገበያዩ ከርመው ወደ አዲሱ ዓመት እየገቡ ስለሆነ፣ ቡና ላይም በስልክም ጥያቄው በዝቶብኛል። እዚሁ ልመልስ።

ጥ፦ እኔ የማውቀው እግር ኳስ ነው። ቤዝቦል ተጫዋቹ ሁዋን ሶቶ ከኒውዮርክ ያንኪስ ወደዚያው ከተማ ክለብ ሜትስ ሲሄድ ያንኪስ ስንት ተከፈለው?

መ፦ ዜሮ። በዓመታዊው የወጣቶች ምርጫ ላይ አንድ ተጨማሪ ዕድል ተሰጣቸው እንጂ ሰባራ ሳንቲም አላዩም። እግር ኳስ ላይ ኮንትራቱን ጨርሶ በነፃ የሚሄድ ተጫዋች አለ አይደል? ቤዝቦል ላይ ትልቁ ገበያ እሱ ነው። ኮንትራት ያለውን ተጫዋች ክለቦች በሌላ ተጫዋች ይለዋወጡታል እንጂ እንደ አውሮፓ በመቶ ሚሊዮን ዩሮ አይሻሻጡትም። ስለዚህ እዚያ ለሻጩ ክለብ የሚሄደው ገንዘብ እዚህ ተጫዋቹ ኪስ ይገባል። ሶቶ በዲሴምበር 2024 የፈረመው ለ15 ዓመት፣ 765 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳየው የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ ነበር።

ጥ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ ታናሽ ወንድሜን ከእግር ኳስ አስወጥቼ ቤዝቦል ላስገባው?

መ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ተጫዋች ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው ሊግ) ገብቶ ስድስት ዓመት ካላገለገለ ነፃ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ ክለቡ የቆረጠለትን ይቀበላል። በ2026 ዝቅተኛው ደመወዝ 780,000 ዶላር ነው። ለእኔና ላንተ ሀብት ነው፤ በእነሱ ሰፈር ግን የጀማሪ ደመወዝ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት በክፍያው ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኛ ፊት ቀርበው ይከራከራሉ። ስድስቱ ዓመት ሲያልቅ ብዙው ተጫዋች ወደ 30 ተጠግቷል። ጉልበት ሊቀንስ ሲል ነው ብሩ የሚመጣው። ክለቦች ትልቁን ገንዘብ የሚያወጡት ትናንት ለተሠራ ሥራ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ሶቶ ግን በ19 ዓመቱ ስለገባ ነፃ ሲወጣ ገና 26 ነበር። ዋጋውን ግማሹን ያናረው ዱላው (የመምታት ችሎታው)፣ ግማሹን የልደት ቀኑ ነው።

ጥ፦ ይህን በነፃ የመሄድ መብት ማን ሰጣቸው?

መ፦ ማንም አልሰጣቸውም፤ ታግለው ነው ያገኙት። በ1969 ከርት ፍለድ የሚባል የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ተጫዋች ሳይጠየቅ ወደ ፊላደልፊያ ተለወጠ። እንደ ዕቃ አልሸጥም ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 በ5 ለ3 ድምፅ ተሸነፈ። በሩ የተከፈተው በዲሴምበር 1975፣ አንድ ገላጋይ ዳኛ ለሌሎች ሁለት ተጫዋቾች (ኳስ ወርዋሪዎች ናቸው) ሲፈርድ ነው። ፍለድ ከዚያ በር አንድ ብር አላገኘም። ስለ 765 ሚሊዮን ሲወራ የእሱ ስም አለመነሳቱ ያናድደኛል።

ጥ፦ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። 22 ቁጥር የሆነ የናሽናልስ የሶቶ ማሊያ አለው። ሶቶ ከሄደ ስንት ጊዜው፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ልጣልበት? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መ፦ ኧረ በፍጹም፣ እህቴ! ይልበስ። ናሽናልስ በ2019 የዓመቱን ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስን ሲወስድ ሶቶ 21 ዓመት የሞላው እዚያው ፍጻሜ መሀል ነው። በ2022 ክለቡ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን አቀረበለት። እምቢ አለ። ያኔ ታክሲዬ ውስጥ ያልሰደበው ሰው አልነበረም። "ጠግቧል" አሉት። በኦገስት ለሳንዲያጎ ፓድሬስ ሰጡት። ያቺ እምቢታ 325 ሚሊዮን ዶላር አተረፈችለት፤ ማን እንደጠገበ እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ።

ደግሞ ቡድኑም ባዶ እጁን አልቀረም። በለውጡ ከመጡት ልጆች አንዱ ጄምስ ውድ በ2025 ለኮከቦቹ ጨዋታ ተመርጧል።

አንድ ነገር ላጫውትዎ። ከሶቶ በፊት የዲሲ ንጉሥ ብራይስ ሃርፐር ነበር። በ2019 መጀመሪያ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ለፊላደልፊያ ፈረመ። ከተማው አለቀሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ናሽናልስ ያለ እሱ ዋንጫውን በላ። ያን ሌሊት አንድ ጎልማሳ ጫንኩ። የለበሰው የሃርፐር ማሊያ ነው፤ ግን ጀርባው ላይ ስሙን በብር ቀለም ፕላስተር ሸፍኖ፣ በላዩ በማርከር "ይቅርታ" ብሎ ጽፎበታል። ማንን ነው ይቅርታ የጠየቅከው ብለው "ቡድኑን" አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ዘፈን ሲያወርድ ቤቱ ደረስን። ከልጅዎ ጓደኞች መሀል የሚስቅ ካለ ይህን ይንገሩት።

ጥ፦ ሜትስ ያን ሁሉ ከፍሎ ምን አገኘ?

መ፦ ሶቶን አገኘ፤ ዋንጫ ግን የለም። ልጁ በ2025 የሚጠበቅበትን ሠርቷል፤ 43 ሆምረን መታ (ኳሷን ከአጥሩ ማዶ መስደድ ነው)፣ 38 ቤዝ ሰረቀ (ተቃራኒው ሳይቀድመው ወደ ቀጣዩ ማረፊያ ሮጦ መድረስ ነው)። ቡድኑ ግን 83 አሸንፎ 79 ተሸንፎ በመጨረሻው ቀን ከፕሌይኦፍ (ከዓመቱ ማብቂያ ጥሎ ማለፍ) ውጪ ሆነ። ዱላ ነበራቸው፣ ወርዋሪ አልነበራቸውም። በ2023ም ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደመወዝ ይዘው ጀምረው በ87 ሽንፈት ነው የጨረሱት።

ይባስ ብሎ ዘንድሮ መቺያቸው ፒት አሎንሶ በ5 ዓመት 155 ሚሊዮን ወደ ባልቲሞር፣ መዝጊያ ወርዋሪያቸው ኤድዊን ዲያዝ በ3 ዓመት 69 ሚሊዮን ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሄደዋል። በምትኩ ቦ ቢሼትን በ3 ዓመት 126 ሚሊዮን አመጡ። ሰውየው ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሀል የሚከላከል) ሆኖ ነው የኖረው፤ አሁን ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሊያቆሙት ነው። ወጥ ቤቱን ከጥብስ ወደ ኬክ እንደማዛወር ነው። ሊሳካ ይችላል። እኔ ግን ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል።

ጥ፦ ገንዘብ አያሸንፍም ልትል ነው እንግዲህ። ዶጀርስስ?

መ፦ እንዲህ አልልም። ገንዘብ እስከ ኦክቶበሩ ፕሌይኦፍ ድረስ ያደርስሃል። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ፍልሚያ ነው፤ አንድ ሳምንት ዱላው ከቀዘቀዘ 100 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ቤቱ ይገባል። በ2023 ቴክሳስ ሬንጀርስ ዋንጫ ሲወስድ ፍጻሜው ላይ የገጠመው አሪዞና በመደበኛው ዓመት ያሸነፈው 84 ብቻ ነበር።

ዶጀርስ በ2024ና በ2025 ደጋግመው ወስደዋል። ያንኪስ በ1998፣ 1999ና 2000 ካደረጉት ወዲህ ያልታየ ነው። ገንዘባቸው አስፈሪ ነው። የደመወዝ ጣሪያ የሚባል ነገር በቤዝቦል የለም፤ ያለው ቅጣት ነው። ለ2026 ከ244 ሚሊዮን በላይ የሚከፍል ክለብ ግብር ይጣልበታል። ዶጀርስ ለ2025 የከፈሉት ግብር ብቻ ወደ 169 ሚሊዮን ነው። የብዙ ክለብ ሙሉ ደመወዝ ያን አያህልም። የሚወረውርም የሚመታም ኮከባቸው ሾሄይ ኦታኒም ቢሆን 700 ሚሊዮን ፈርሞ በዓመት የሚወስደው 2 ሚሊዮን ነው፤ 680ውን ከ2034 ጀምሮ ነው የሚከፍሉት። ዱቤ በሉት።

ግን ያንን በ2025 ፍጻሜ ከቶሮንቶ ጋር የተደረገውን ሰባተኛ ጨዋታ ያየ ሰው ያስታውስ። ዘጠነኛው ኢኒንግ (የመጨረሻው ዙር) ነው፤ ዶጀርስ 4 ለ3 እየተመሩ ሁለት አውት ቀርቷቸዋል፤ ሁለት ሰው ከወጣባቸው አለቀ። የሚመታው ሚገል ሮሃስ ነው፤ 36 ዓመቱ፣ ለመከላከል እንጂ ለመምታት ያልተቀጠረ ሰው፣ የዓመቱ ደመወዙ 5 ሚሊዮን። ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ሰደዳት፤ አቻ ሆኑ። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ሻዩ ምንጣፉ ላይ ቀረ። በ11ኛው ኢኒንግ የዶጀርሱ ዊል ስሚዝ ደግሞ ሆምረን መትቶ፣ 5 ለ4 አለቀ። ጨዋታውን የዘጋው የ325 ሚሊዮኑ ያማሞቶ ነው፤ ከአንድ ቀን በፊት 96 ኳስ ወርውሮ ያደረ ሰው። ውዱም ርካሹም ባይኖር ዋንጫው ቶሮንቶ ነበር።

ጥ፦ ድሃ ክለብ ምን ተስፋ አለው?

መ፦ ሚልዋኪን እዩ። በ2025 97 ጨዋታ አሸንፎ ከሁሉም በላይ የጨረሰው እሱ ነው። ስድስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች እያሰለጠነ፣ ውድ ሲሆኑ እየለወጠ ይኖራል። ፕሌይኦፍ ላይ ዶጀርስ 4 ለ0 ጠረገው። በአራተኛው ጨዋታ ኦታኒ አሥር ሰው አስወጥቶ፣ በዚያው ማታ ሦስት ሆምረን መታ። እንዲህ ላለ ማታ መድኃኒት የለውም።

ጥ፦ ዘንድሮ ማን ይወስዳል? ለውርርድ ነው፣ በናትህ እውነቱን።

መ፦ ለውርርድ ከሆነ አልመክርህም። ዶጀርስ ካይል ተከርን በ4 ዓመት 240 ሚሊዮን ስለጨመሩ ሁሉም እነሱን ይላል፤ እኔም እላለሁ። ከሁለቱ ሊጎች በሌላኛው፣ በአሜሪካን ሊግ በኩል ልቤ ሲያትል ነው። ከ30ዎቹ ክለቦች ወርልድ ሲሪስ ረግጦ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ አምና አንድ ጨዋታ ነበር የቀረው። ቶሮንቶ ዲላን ሲስን በ7 ዓመት 210 ሚሊዮን ቢያመጣም ቢሼት ሄዶበታል።

ጥ፦ የኛው ናሽናልስስ?

መ፦ ተወው። አምና 96 ተሸንፏል። አሰልጣኙ አዲስ ነው፣ 33 ዓመቱ። ሁለት ዓመት ስጠው።

ጥ፦ ከዚህ ዓመት በኋላ ጨዋታ ላይኖር ይችላል የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ የባለቤቶቹና የተጫዋቾቹ ስምምነት ዲሴምበር 1፣ 2026 ያበቃል። ባለቤቶቹ የደመወዝ ጣሪያ ይፈልጋሉ፤ ተጫዋቾቹ ሞተን ነው ይላሉ። ባለፈው ጊዜ ባለቤቶቹ በሩን 99 ቀን ዘግተውባቸው ነበር፤ ያኔ ግን የቀረ ጨዋታ አልነበረም። በ1994 ደግሞ በአድማ ምክንያት ወርልድ ሲሪሱ ራሱ ቀርቷል። ዘንድሮ ልታዩ ያሰባችሁ አታዘግዩ።

ጥ፦ እሺ፣ ልሄድ ነው። ስታዲየሙ ጋ መኪና የት ላቁም?

መ፦ የትም። እኔ ታክሲ ነጂው ነኝ የምነግርህ፤ መኪናህን ቤት ተወውና በሜትሮ አረንጓዴ መስመር ኔቪ ያርድ ውረድ። በጨዋታ ቀን እዚያ መኪና ማቆም ከቲኬቱ ሊበልጥብህ ይችላል።