«ትኩሳቱ 39 ገባ፣ አሞክሳሲሊን ልጀምርለት?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የ4 ዓመት ልጄ ትናንት ከኬጂ ሲመለስ ደህና ነበር። ማታ ላይ በድንገት እሳት ሆነ። ስለካው 39 ነጥብ 2። ያስላል፣ እግሬን ያመኛል ይላል፣ አንዴ አስመልሶታል፣ ምግብ የሚባል አይነካም። ክብደቱ 16 ኪሎ ነው። ጎረቤቴ «አሞክሳሲሊን ስጪው፣ የኔን ያዳነው እሱ ነው» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቂለት» ይላሉ። እንጥሉ ወርዶ ይሆናል ያለኝም ሰው አለ። ቤታችን አንድ መኝታና ሳሎን ነው። የ7 ወር ሕፃን አለችኝ፣ እናቴም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎት እህቴ። የሚነግሩኝ ነገር ኢንፍሉዌንዛን ይመስላል፤ ብዙዎቻችን ፍሉ የምንለውን ማለት ነው። ተራ ጉንፋን ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ አፍንጫ ይዘጋል፣ ያስነጥሳል፣ ልጁ ግን መጫወቱን አይተውም። ፍሉ ሲሆን ሲሮጥ የዋለው ልጅ ማታ ላይ ዝልፍልፍ ይላል። ትኩሳቱ ድንገት ይወጣል፤ ራሱን፣ እግሩን፣ ወገቡን ያመዋል። ልጆች ላይ ማስመለስና ተቅማጥም አብሮ ይመጣል። ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ሳሉ 2 ሳምንት ሊሄድ ይችላል፤ ያ ብቻውን አያስደንግጥዎት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለፉት ሳምንታት ልጁ ወደ አዳማ፣ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሌላ ቆላ አገር ሄዶ ነበር? ሄዶ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው ዛሬውኑ የወባ የደም ምርመራ ያስደርጉለት። የወባ ትኩሳትና የፍሉ ትኩሳት በዓይን አይለዩም።

አሞክሳሲሊኑን አይጀምሩ። ፍሉ የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። የጎረቤትዎ ልጅ የዳነው ቀኑ ደርሶ ነው፤ መድኃኒቱ በዚያው ሰሞን ተጠጥቶ ስለነበር ምስጋናውን ወሰደ። አሞክሳሲሊንን የምጠላው እንዳይመስልዎት። ፍሉው ወደ ሳንባ ምች ከዞረ ለልጁ የማዝለት ያንኑ ነው፣ በክብደቱ ተለክቶ። ዛሬ ያለ ምክንያት ከጠጣው ግን ሊያስቀምጠው ወይም ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ሊያወጣበት ይችላል። ጀርሞቹም መድኃኒቱን ይለማመዱታል።

አሁን ዋናው ቁምነገር። እናቶች ወደኔ ሲመጡ መጀመሪያ የሚነግሩኝ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ነው። እኔ የምፈልገው ግን የትንፋሹን ቁጥር ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን በሹራብ፣ በጃኬትና በጋቢ ጠቅልላ አመጣችው። ትኩሳቱ 38 ብቻ ስለነበር ልቧ ረጋ ብሎ ነበር። ልብሱን ስናወልቅለት የታችኛው ጎድኑ በተነፈሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ሳንባ ምች ነበር። ከጋቢው ስር ማን ሊያየው ይችላል? እኔንም እስካሁን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ እናትየዋ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስታድር አንድም ሰው እንዲህ ተመልከቺ አላላትም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ልጁ ሲተኛ ወይም ረጋ ሲል ልብሱን እስከ ደረቱ ይግለጡ። የስልክዎን ሰዓት ለ1 ደቂቃ ይሙሉ። ሆዱና ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያሉ ሙሉውን ደቂቃ ይቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፣ ልጆች ትንፋሻቸው ወጥ አይደለም። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ለሕፃንዎ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ማለት ነው፣ 50 እና ከዚያ በላይ። ትኩሳት ራሱ ትንፋሽን ስለሚያፋጥን ማስታገሻ ሰጥተው ትኩሳቱ ሲወርድ አንዴ ይድገሙት። አሁንም ፈጣን ከሆነ ይውሰዱት። ደረቱ ከተሰረጎደ ግን ድጋሚ መቁጠር የለም፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የሚል ከሆነ ለ16 ኪሎ ልጅ በአንድ ጊዜ 7 ነጥብ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ፋርማሲስቱ ያስላልዎት። በሻይ ማንኪያ አይለኩ፣ አብሮት በሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይሁን። አስፕሪን ለልጅ በፍጹም አይስጡ። ፍሉ በያዘው ልጅ ላይ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ምግብ እንቢ ቢል ለጥቂት ቀን አያስጨንቅዎት። መጠጣቱን ግን ይከታተሉ። ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ውኃ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁና በማንኪያ በማንኪያ እንደገና ይጀምሩ። ተቅማጥ ከተጨመረ ኦ አር ኤስ በተፈላና በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ይበጥብጡ። ጋቢውን ያንሱለት፤ አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል።

ስለ ዳማከሴው፣ እናትዎን አይቆጧቸው። ቅጠሉን አሽተው ቢያሸቱት ጉዳት የለውም። ጭማቂውን ግን ልጁ አፍንጫ ውስጥ አያንጠባጥቡ፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እንጥሉን በተመለከተ እባክዎ ማንም እንዳይነካው። ጉሮሮ ሲያብጥ እንጥልም አብሮ ያብጣል፣ ፍሉው ሲያልፍ ይመለሳል። እንጥሉን ተቆርጦ ደሙ አልቆም ያለ ልጅ ተቀብዬ አውቃለሁ። ያንን ሌሊት አልረሳውም።

አንድ መኝታ ባለው ቤት «ልጁን ለብቻ ያስተኙት» ብልዎ ቀልድ ይሆናል። ግን የሚያስታምመው አንድ ሰው ይሁን። ሕፃኗና እናትዎ ከእሱ ራቅ ብለው ይተኙ። መስኮቱ ይከፈት። ታክሲ ውስጥ እንኳ «መስኮት ዝጋ፣ ብርድ ይመታናል» የምንባባል ሰዎች ነን፤ ፍሉ የሚተላለፈው ግን በሚያስለው ሰው ትንፋሽና በእጅ ነው፣ በታፈነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይብሳል። የከሰል ምድጃው ከቤት ይውጣ። ንፍጡን ከጠረጉ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ውኃ በጠፋበት ቀን ጆግ ይበቃል። ሕፃኗን ጡት ማጥባት አያቋርጡ፣ እርስዎን ራስዎን ቢይዝዎትም ማስክ አድርገው ያጥቡ። ለሳሏ ማር እንዳይሰጧት፣ ከ1 ዓመት በታች ማር አደገኛ ነው። የክትባት ካርዷንም ይዩ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ከአንዳንድ የሳንባ ምች ዓይነቶች ይከላከሉላታል። የፍሉ ክትባት ግን እዚህ ከመደበኛው የልጆች ክትባት ውስጥ የለም። እናትዎ ትኩሳት ከጀመራቸው «ይለፍልኝ» ብለው አይቀመጡ። ለፍሉ የሚታዘዘው ፀረ ቫይረስ ደህና የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ነው፣ ስኳራቸውም ሊዋዥቅ ይችላል።

ልጁ ወደ ኬጂ የሚመለሰው ያለ ማስታገሻ 24 ሰዓት ሙሉ ትኩሳት ሳይኖረው ሲቀር ነው።

መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሲቀሰቅሱት በደንብ ካልነቃ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ተሽሎት ሳለ ትኩሳቱ ካገረሸ ሰዓት አይዩ። ለእርስዎ የሚቀርበው ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። ካንቀጠቀጠው በጎኑ ያስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፣ ክብሪት ጭረውም አያሽትቱት፤ እንደቆመለት ይዘውት ይሂዱ። ካልቆመ 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ።

ዛሬ ማታ እንቅልፍ ሲወስደው ልብሱን ይግለጡና ይቁጠሩለት። ማስታገሻ ወስዶ ትኩሳቱ ወርዶም 40 ወይም ከዚያ በላይ ከቆጠሩ ይዘውት ይውጡ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ።