የክንዱ ልክ ስንት ነው? በረሃብ ስለተጎዱ ልጆች ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ልጆች ረሃብ ናቸው። በልግ ሲቀር፣ ውርጭ ገብሱን ሲመታ፣ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል ቀድሞ የሚጎዳው ሕፃን ነው። አንገብጋቢውን አስቀድሜያለሁ።

«የሁለት ዓመት ልጄ ፊቱም እግሩም ሞላ ብሏል። ጎረቤቶች ‹ወፈረልሽ› ይሉኛል። እሱ ግን አይጫወትም፣ ምግብ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል።» (እናት፣ ከመሐል ሜዳ)

እህቴ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው። የገበያ ቀን እስኪደርስ አትጠብቂ። ከቁርጭምጭሚቱ በታች የእግሩን ጀርባ (ከውስጥ እግሩ በላይ ያለውን) በአውራ ጣትሽ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ልቀቂው። በሁለቱም እግሮቹ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ውፍረት አይደለም፤ በምግብ እጥረት የመጣ እብጠት ነው። ምግብ እምቢ ማለቱ ደግሞ ተኝቶ መታከም እንደሚያስፈልገው ያሳያል። ስለዚህ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ።

መንገዱ ረጅም ከሆነ ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ እንዳይበርደው ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ በጋቢ ሸፍኚው። የተጎዳ ልጅ ሙቀቱን መያዝ አይችልም፣ የመንዝ ብርድ ደግሞ አይምርም። ሁለተኛ፣ ሆዱ ባዶ አይሁን። የሚጠባ ከሆነ አጥቢው። በተረፈ በአንድ የቡና ስኒ ንጹሕ ውኃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠሽ ጥቂት ጥቂት አጠጪው።

«በ77ቱ ድርቅ አንጾኪያ ነበርኩ። ረሃቡን ችለው እርዳታው ጋ ከደረሱ በኋላ፣ እህል ቀምሰው የሞቱ ልጆች አይቻለሁ። እስከ ዛሬ አልገባኝም።» (አዛውንት፣ ከአጣዬ)

አባቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ያዩት ነገር እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው። ሰውነት ለሳምንታት ሲራብ ለመቆየት ብሎ ሥራውን ይቀንሳል። ልቡም፣ ኩላሊቱም፣ አንጀቱም ይደክማሉ። በዚህ ላይ ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ፣ በደም ውስጥ ያሉት እንደ ፎስፌትና ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት ተሻምተው ወደ ሴሎች ይገባሉ። ደሙ ውስጥ ያንሳሉ። የደከመ ልብ ያን አይችልም። ያበሉት እጆች ጥፋት አልነበረም።

ዛሬ በጽኑ የታመመ ልጅ የሚጀምረው ኤፍ-75 በሚባል ወተት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አለው። በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ እየተለካ ይሰጣል። እናቶች «ልጄ እየተራበ ይህቺን ብቻ?» ብለው ያለቅሳሉ። ማነሱ ግን መድኃኒትነቱ ነው። የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና እብጠቱ መጉደል ሲጀምር ይበልጥ ጉልበት ወደሚሰጠው ምግብ ይሸጋገራል።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ያኔ የተጎዳ ልጅ ሁሉ መጠለያ ውስጥ ይከማች ነበር፣ ኩፍኝና ተቅማጥም አብሮ ይከማች ነበር። አሁን ምግብ የሚበላና ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት ልጅ ቤቱ ሆኖ ይታከማል። ይህ አሠራር ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው አገር ሀዲያ ነው፣ በ1993 ዓ.ም.።

«ፕላምፒ ነት ወተት አለበት አሉኝ። በጾም ለልጄ ልስጠው?» (ከሞላሌ)

ስጪው። ፕላምፒ ነት በረሃብ ለተጎዱ ልጆች የሚሰጥ የሕክምና ምግብ ነው። ወተት አለበት፣ ከኦቾሎኒ፣ ከዘይት፣ ከስኳር፣ ከቫይታሚንና ከማዕድናት ጋር። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም። ልብሽ ካልረጋ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ግን አንድም ቀን ሳታቋርጪ።

«የጎረቤቴ ልጅ ፕላምፒ ነት ተሰጠው። የእኔ ተለክቶ ‹አይደርሰውም› ተባለ። አድልዎ አይደለም?» (ከሸዋ ሮቢት)

ንዴትህ ይገባኛል። የተራበ ልጅ ይዞ ባዶ እጅ መመለስ ያማል። ግን በክንዱ ዙሪያ የሚጠመጠመው መለኪያ ያሳየውን ቀለም ጠይቅ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የክንድ ልክ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ፕላምፒ ነት በዋናነት የሚሰጠው ለዚህ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ነው። ለቢጫው ዱቄት አልሚ ምግብ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፣ የማይሰጥበትም አለ። ቢጫ ከሆነ ዝም ብለህ አትቀመጥ፣ መልሰህ አስለካው። ቢጫ በአንድ ተቅማጥ ቀይ ይሆናል።

ለተሰጣቸውም አንድ ቃል አለኝ። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ነው፣ 500 ኪሎ ካሎሪ አለው። ቁጥሩ የሚወሰነው በልጁ ክብደት ነው። ታላላቆቹ ዓይን ዓይኑን እያዩ ለአንዱ ብቻ መስጠት ለእናት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ለአራት ከተካፈለ የታመመው አይድንም። ከምግቡ ጋር ንጹሕ ውኃ በደንብ ይጠጣ።

«ደብረ ብርሃን ላሉ ተፈናቃዮች ገንዘብ አዋጥተናል። የዱቄት ወተትና ጡጦ ልንገዛ ነው።» (የመንዝ ልጆች፣ ከአዲስ አበባ)

እግዜር ይስጣችሁ። ወተቱንና ጡጦውን ግን ተዉት። ንጹሕ ውኃና ማገዶ በሌለበት ጡጦ ተቅማጥ ያመጣል፣ ተቅማጥ ደግሞ የተጎዳን ሕፃን በቀናት ውስጥ ይወስዳል። ጡት የምታጠባ እናት ዱቄቱን ስታገኝ ማጥባት ትቀንሳለች፣ ዱቄቱ ሲያልቅ የጡቷም ወተት ደርቆ ይጠብቃታል። እናቲቱን አብሉ። ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የውኃ ማስቀመጫ ጀሪካን ግዙ። ገበያው እህል ካለው ጥሬ ገንዘቡም ይሻላል፤ እሷ ምን እንደጎደላት ታውቃለች። ከመግዛታችሁ በፊት ግን እዚያ ያሉትን የጤና ባለሙያዎች አነጋግሩ።

«ልጄ ከስቷል። ጤና ኬላ ብወስደው ‹አላበላውም› ይሉኛል ብዬ አፈርኩ።» (አባት፣ ስሜ ይቅር ያለ)

ወንድሜ፣ ውርጩን አንተ አላመጣኸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንዳንተ ያሉ ብዙ አባቶች አይታለች። መለካቱ ከደቂቃ አያልፍም፣ ሕክምናውም በነፃ ነው። እስከዚያው ቀጭን አጥሚት ሆዱን ሞልቶ ጉልበት አይሰጠውም። ሦስት እጅ ገብስና አንድ እጅ ባቄላ አስፈጭተህ ወፈር ያለ ገንፎ ይሠራለት፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ይደረግበት፣ እንቁላል ከተገኘ ይጨመር። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ። ነገ ጠዋት ውሰደውና ጻፍልኝ። የክንዱን ልክ እንዳትረሳ።