ነጭ የደም ሴል ስለመለገስ፦ ያላችሁን ጠይቁ

መላሽ፦ ዛሬ የምናወራው ስለ ግራኑሎሳይት ነው፤ ባክቴሪያና ፈንገስ የሚዋጋ የነጭ ደም ሴል ዓይነት ነው፤ በተለይ ከውስጡ ዋናው ስለሆነው ኒውትሮፊል። የመቅኒ ልገሳ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ አታደባልቁብኝ።

ሰናይት፦ ነጭ ሴሉ ያነሰበት ሰው ሁሉ ይሰጠዋል?

መላሽ፦ አይሰጠውም። ኒውትሮፊሉ በማይክሮሊትር ከ500 በታች የወረደ፣ ከባድ የባክቴሪያ ወይም የፈንገስ ኢንፌክሽን ያለበት፣ ትክክለኛው መድኃኒት ተሰጥቶት ያልተሻለው፣ መቅኒው ግን ያገግማል ተብሎ የሚጠበቅ ታካሚ ነው የሚወስደው። መቅኒው የራሱን ማምረት እስኪጀምር ማቆያ ነው እንጂ ፈውስ አይደለም።

ዮናታን፦ ለጋሹ ላይ ምን ምን ይደረጋል?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሚዞረው ኒውትሮፊል ለአንድ አዋቂ ታካሚ አይበቃም። ክምችቱ ያለው መቅኒ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመሰብሰቡ 12 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ጂ-ሲኤስኤፍ (መቅኒው ኒውትሮፊል እንዲለቅ የሚያነሳሳ መድኃኒት) ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድም አብሮ ይዋጣል። ማታ የወሰደ ሰው ጠዋት ሲቆጠር ከ4 እስከ 11 ሺህ የነበረው ነጭ ሴሉ 20፣ 30 ሺህና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ከዚያ ለጋሹ፣ ደሙን አሽከርክሮ ነጩን ሴል የሚለይና የቀረውን የሚመልስለት ማሽን ላይ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ከ7 እስከ 10 ሊትር ደም ያልፋል፤ ሰው ያለው 5 ሊትር ገደማ ስለሆነ ያው ደም ደጋግሞ ይዞራል ማለት ነው። አስቸጋሪው እዚህ ጋ ነው፦ ግራኑሎሳይትና ቀይ ሴል እፍግታቸው (ለመጠናቸው ያላቸው ክብደት) ስለሚቀራረብ ሲሽከረከሩ በደንብ አይለያዩም። ለዚህ ሃይድሮክሲኤቲል ስታርች የተባለ ከስታርች የተሠራ ፈሳሽ ይጨመራል። ቀይ ሴሎቹ እንደ ሳንቲም ቁልል ይደራረቡና ፈጥነው ይዘቅጣሉ፤ ነጩ ከላይ ይቀራል። ማሽኑን የያዘው ባለሙያ ዓይኑን ከመሰብሰቢያው ቱቦ አይነቅልም። ቀለሙ በጣም ከሳሳ ገና የነጭ ሴሉ ንብርብር ላይ አልደረሰም፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ አልፎት ወርዷል።

ከንፈር ወይም የጣት ጫፍ ከነዘረ ወዲያው ተናገሩ። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ሲትሬት ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ጠፍሮ ስለሚይዝ ነው፤ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ካልሲየም ይሰጣል። ጀግና ነኝ ብሎ ዝም የሚል ለጋሽ ጡንቻው ሲኮማተር ነው የሚታወቀው።

አቤል፦ መርፌው ያማል?

መላሽ፦ ወገብና ዳሌ አጥንት ይቆረጥማል፣ ራስ ያማል። ፓራሲታሞል ይበቃል። ዴክሳሜታሶኑ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል።

ሕይወት፦ ስኳር ያለበትስ?

መላሽ፦ ዴክሳሜታሶን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የግላኮማ (የዓይን ግፊት) ታሪክ ያለው ከመርፌው በፊት ይናገር እንጂ አልጋው ላይ ወጥቶ አይደለም።

ዮናታን፦ «ሴል» ከማለት «ህዋስ» አይሻልም?

ሰናይት፦ «ህዋስ» ሲባል የፖለቲካ ስብሰባ ነው የሚመስለኝ።

ዮናታን፦ መማሪያ መጻሕፍት ላይ እኮ አለ…

መላሽ፦ ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው «ግራኑሎሳይት» ነው። ወደ ጉዳያችን።

ብሩክ፦ ወንድሜ ታሟል፤ እኔ ብለግስለት አይሻልም?

መላሽ፦ ቆይ፣ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ወደፊት መቅኒ ልትሰጠው የምትችል ከሆንክ ሐኪሙን ሳትጠይቅ እንዳትለግስ። የወንድምህ ሰውነት ባንተ ኤችኤልኤ (ሴልን የራስ ወይም የባዕድ መሆኑን የሚያሳውቅ ምልክት) ላይ ፀረ እንግዳ አካል ካመረተ መቅኒህን ሊገፋው ይችላል። ሁለተኛ፣ ከረጢቱ ውስጥ ሊምፎሳይት የተባለ ሌላ የነጭ ሴል ዓይነትም አለ። የዘመድ ሊምፎሳይት ለተቀባዩ የራሱ ስለሚመስለው ሳይገድለው ይቀራል፤ ያ ሊምፎሳይት ግን ተባዝቶ የተቀባዩን ቆዳውን፣ ጉበቱን፣ መቅኒውን ያጠቃል። ይህ አንዴ ከተነሳ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ስለዚህ ከረጢቱ ሳይሰጥ በፊት በጨረር ይታከማል፣ 25 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ። ከዘመድም መጣ ከባዳ፣ ያለ ጨረር አይሰጥም።

ሕይወት፦ የደም ዓይነት መመሳሰል አለበት? ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ላይ ብዙም አይጠብቅም ይባላል።

መላሽ፦ እዚህ ይጠብቃል፤ ከረጢቱ ውስጥ ብዙ ቀይ ሴል አለ።

አቤል፦ ተሰብስቦ ፍሪጅ ይገባል?

መላሽ፦ አይገባም! ከ20 እስከ 24 ዲግሪ፣ ሳይናወጥ። ፕሌትሌት ይናወጣል፣ ይህ አይናወጥም። ገደቡ 24 ሰዓት ነው፤ ግን ሴሉ በየሰዓቱ እየደከመ ስለሚሄድ እስከዚያ አይጠበቅም። የኢንፌክሽን ምርመራውም አስቀድሞ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ነርሶች፣ ነጭ ሴል የሚያስቀር ማጣሪያ እንዳትገጥሙበት፤ ያን ሁሉ ልፋት ማጣሪያው ላይ አስቀርታችሁ ለታካሚው ፕላዝማና ቀይ ሴል ብቻ ትሰጡታላችሁ። ተራው የደም መስጫ ማጣሪያ ነው የሚገጠመው። ታካሚው አምፎቴሪሲን የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ሁለቱን በሰዓታት አራርቁ፤ ተከታትለው ሲሰጡ ሳንባ ላይ ችግር እንደሚያመጡ ተዘግቧል።

ብሩክ፦ ጥቅሙ ካልተረጋገጠ ለጋሹን ማድከም ለምን? በ2015 የታተመው ሪንግ የተባለው ጥናት ልዩነት አላሳየም።

ሰናይት፦ ጥናቱ እኮ የታሰበውን ያህል ታካሚ አላገኘም።

ብሩክ፦ ያም ሆኖ አላሳየም።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በጥቅሉ ልዩነት አልታየም፤ 114 ታካሚዎች ብቻ ነበሩ። ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 0.6 ቢሊዮን ግራኑሎሳይትና ከዚያ በላይ ያገኙት ያነሰ ካገኙት የተሻለ ሆነው ታይተዋል። ማስረጃው ከዚህ አያልፍም። እኔ የማስበው ጥቂት ሴል ያለበትን ከረጢት መስጠት ሁለቱንም ወገን በከንቱ ማልፋት ነው። ስለዚህ ነው መርፌና ስታርች ላይ የምነዘንዘው።

ሳምሪ፦ ስለ ነጭ ሴል በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መላሽ፦ እህቴ፣ የቱን? ለይተሽ ጠይቂ።

አቤል፦ ለነገ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥስ?

መላሽ፦ አቤል፣ ከላይ ያለውን አንብብ።