አዲስ አበባ፦ የት ልብላ? የት ልጠጣ? የት ልዙር?

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ሰፈር ለሰፈር ዞሬ መብላትም ነፍሴ ነው። ሰሞኑን ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ ያደግኩት ዋሽንግተን ነው። ረቡዕ ገብቼ ዓርብ እመለሳለሁ። ምርጥ ቁርጥ የት አገኛለሁ?

ወንድሜ፣ ከሰፈሩ በፊት ቀኑን እይ። እዚህ ከተማ ምሳህን የሚወስንልህ ቀኑ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ብዙ ሥጋ ቤት አይሠራም። የቀረችህ ሐሙስ ናት። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሂድ። ሰው የሚመላለስበት ሥጋ ቤት ገብተህ ከተሰቀለው ላይ ራስህ አስቆርጥ፤ ሻኛ ካለ አትለፈው። አዋዜና ሚጥሚጣው ከእንጀራው ጋር ይመጣል።

ረቡዕ በያይነቱ ብላ። እንደ ማካካሻ አትየው፤ እኔ ከቁርጡ አስበልጠዋለሁ። ጥሩ ቤት ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ ጠረጴዛህ ላይ ያርፋል። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው፣ ቀይ ሥሩ ዙሪያውን ይደረደራል። ሱፍ ፍትፍት ካለ ጠይቅ። በረድ ያለ ነው፣ ከምስሩ ቃጠሎ በኋላ አፍህን ያሳርፈዋል። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕም ይፈሰካል፣ ያኔ በያይነቱ እንደ ልብ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ከጅዳ ለእረፍት መጥቻለሁ። የሙስሊም ቁርስ የት ይሻላል?

እህቴ፣ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ። በጠዋት ውጪ። ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ወይም ፈጢራ ከእንቁላልና ከማር ጋር።

ጥያቄ፦ ቡናስ?

ፒያሳ ያለው ቶሞካ። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ይቆላል። ማኪያቶህን ቆመህ ትጠጣለህ፣ ሽታው ልብስህ ላይ ይቀራል። የጀበና ቡና ከፈለግክ ግን ስም አትፈልግ። ቄጠማ የተጎዘጎዘበት፣ ረከቦት የተዘረጋበት የመንገድ ዳር በርጩማ ላይ ቁጭ በል። ጤና አዳም ጣል ታደርግልህ ዘንድ ባለቡናዋን ጠይቃት።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ኪሴ ሳስቷል።

እርጥብ! ዳቦው ተሰንጥቆ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይጠቀጠቅበታል። አንዱ ምሳ ይሆናል። ትንሽ ከተረፈህ ጭማቂ ቤት ገብተህ ስፕሪስ እዘዝ፤ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያው ተደራርቦ ይመጣል።

ጥያቄ፦ እናቴን ከገጠር አምጥቻለሁ። ብዙ መሄድ አይችሉም። ምን ላሳያቸው?

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አሳያቸው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎበታል። ከዚያ በታክሲ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል አሁን ሙዚየም ነው፣ መኝታ ቤታቸው ሳይቀር ይታያል። ስትወጡ ፊት ለፊት ያለውን ጠመዝማዛ የኮንክሪት ደረጃ ጠቁማቸው። ጣልያኖች በወረራው ጊዜ የሠሩት ነው፤ እያንዳንዷ ደረጃ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለውን አንድ ዓመት ትቆጥራለች። ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ቆማለች። ጣልያን ሲባረር አበሾች ያስቀመጧት ናት። እኔ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አያታለሁ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ድሮ እንደነበረው ነው?

አይደለም። በ2016 ብዙው ፈርሷል፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈርም የለም። እዚያ የበላሁት ቁርስ ሁሉ ትዝ ይለኛል። የዓድዋ ድል መታሰቢያን ግን ግባና እየው።

ጥያቄ፦ ግማሽ ቀን ብቻ ቢተርፈኝ?

እንጦጦ። ምኒልክ በ1882 የነገሡባት እንጦጦ ማርያም እዚያ ናት፣ ከተማው በሙሉ ከእግርህ ሥር ይታይሃል። ስትመለስ ሽሮ ሜዳ ወርደህ ለእናትህ ነጠላ ግዛ። መጀመሪያ የተጠራልህን ዋጋ እሺ አትበል። ሽቅብ ስትወጣ ደግሞ ጃኬት ያዝ፣ ብርዱ ቀላል አይደለም።