አባቴን ለዓይናቸው እንዴት ላሳምናቸው?

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ አባቴ ያሉት ሐይቅ አጠገብ ገጠር። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ «በቀዶ ሕክምና ይድናል» ብሎ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ጽፎልናል። እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። አንድ ጎረቤታችን ዓይናቸውን ታክመው ጭራሽ ጨልሞባቸው ስለቀረ፣ «አላህ ያስተረፈልኝን ጭላንጭል በገንዘቤ አላጠፋም» ነው መልሳቸው። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፤ ምንም አልሆነልኝም። ጅዳ ያለችው እህቴማ «ካልታከሙ ብር አልልክም» ብላ በስልክ ጮኸችባቸው። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሲነሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይተኛሉ። አሁን የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰብስቤ ላስመክራቸው ነው። ምን ይሉኛል?

የአባቷ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ልጄ፣ ሽማግሌዎቹን ለጊዜው ተያቸው። በእኛ በወሎ አበጋር፣ ማለትም የአስታራቂ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ የሚቀመጠው ሰው ሲጣላ፣ ደም ሲቃባ ነው። አባትሽ ከማን ተጣሉ? ሽማግሌ ከሰበሰብሽባቸው ተከሳሽ አደረግሻቸው ማለት ነው፤ ተከሳሽ ደግሞ ይከራከራል እንጂ አያስብም።

የገረመኝ ሌላ ነው። አባትሽ የሚፈሩትን በግልጽ ነግረውሻል። አንቺ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ አልሽ እንጂ ስለ ጎረቤታችሁ ጠየቅኋቸው አላልሽም። እንግዲህ ቡና አፍልተሽ፣ ሰው ሳይበዛ፣ «አባዬ፣ እኚያ ሰውዬ ምን ነበር የሆኑት?» በያቸው። እስኪጨርሱ አታቋርጪ። ሲጨርሱም «እሱማ ያስፈራል» በይ፤ ያስፈራልና።

ከዚያ በኋላ ነው የሕክምናው ነገር። የዓይን ሞራ የዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ የሚደነዝዘው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ነው፣ ሥራውም ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የዓይንን ነርቭ በሚጎዳው በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን በዚህ ሕክምና አይመለስም፤ ጎረቤታችሁም ሕመማቸው ሌላ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም «ምንም አይሆኑም» ብለሽ አትማዪላቸው። አልፎ አልፎ ይበላሻል። ይህን ከአንቺ ካልሰሙ ገበያ ላይ ከሌላ ሰው ይሰሙታል፤ ያን ቀን የነገርሻቸው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሞራው ወጥቶላቸው ያዩ የእሳቸው እኩያ በአካባቢው ካሉ ቡና ጥሪያቸው፤ ከእኔም ከአንቺም የእሳቸው ወሬ ይሻላል።

የምትጠይቂያቸውም ትንሽ ይሁን፦ «ለመታየት ብቻ እንሂድ፤ የቀዶውን ነገር እርስዎ ይወስናሉ።» አንዴ ካልሽ ደግሞ ቃልሽን ጠብቂ። ለምርመራ ብሎ ወስዶ እዚያው «ይፈርሙ» ማለት ማታለል ነው። ሐኪሞች ባብዛኛው አንዱን ዓይን አስቀድመው ስለሚሠሩ፣ ይህን ራሳቸው እንዲጠይቁ አድርጊ፤ ሌላኛው ሳይነካ መቆየቱ ልባቸውን ያሳርፈዋል።

ቦሩ ሜዳ ካልሽ አይቀር፣ በግድ ማሳመን የት እንደሚያደርስ ያ ሜዳ ያውቃል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲቀበል አዘዙ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረ ብዙ ነው፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ አምፀው ተዋጉ። አባትሽም አሁን በጋቢያቸው ውስጥ ያመፁት ይኸንኑ ነው።

ዝም ብለሽ ዓመታት ጠብቂ ግን አላልኩም። በጣም የበሰለ ሞራ የዓይን ግፊት ጨምሮ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ዓይናቸው ቢቀላ ወይም ቢያማቸው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይያቸው።

እህትሽ ጋ ዛሬ ደውዪ። ብሩን እንደ ወትሮው ትላክ፤ ስለ ዓይናቸውም ለጊዜው አንድ ቃል አትተንፍስ። ስትደውል ስለ ልጆቿ ታጫውታቸው።