ሱሉልታና ለገጣፎ ለምትሰነብቱ፦ መጀመሪያ ውሃውን

ከውጭ አገር ለእረፍት መጥታችሁ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ቤተሰብ ጋር የምትሰነብቱ ከሆነ፣ ከምግቡ በፊት ውሃውን አስቡ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃው ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር) ውስጥ ቀናት ያድራል፤ ይዞት የመጣው ክሎሪንም እየሳሳ ያልቃል። ውሃ በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ የመስመሩ ግፊት ስለሚወርድ በተሰነጠቀ ቱቦ ቆሻሻ ይገባል። ስለዚህ ውሃው እንደመጣ የመጀመሪያውን ቀድታችሁ ለመጸዳጃ ቤት አውሉት፤ ጠርቶ ሲወርድ ሮቶውን ሙሉ።

«እኛ ስንጠጣው ምን ሆንን?» ቢሏችሁ አትከራከሩ፤ ግን አፍሉት። ውጭ የተወለደ ልጅ ሆድ ይህን ውሃ አልለመደውም። አዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አረፋ ስላወጣ ብቻ አታውርዱት፣ እየተንፈቀፈቀ 3 ደቂቃ ይቆይ። ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ ይስከን፣ በንጹሕ ጨርቅም ይጣራ። ከድናችሁ አቀዝቅዙትና አፈ ጠባብ ጀሪካን ውስጥ ገልብጡት፤ ሲፈለግ እያዘነበላችሁ ቅዱ። ብዙ ቤት ድካሙ ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ በደንብ የፈላ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይገባና እጅ የነካው ኩባያ ይነከርበታል። ጥርስ የሚቦረሸውም ከዚሁ ከፈላው ይሁን።

ጥሬ ሰላጣ ይቅርባችሁ። በተበከለው የአቃቂ ወንዝ የሚለማ አትክልት ገበያ ላይ አለ፣ በዓይን አይለይም። ጎመን በስሎ ይበላ።

ተቅማጥ ከመጣ ሰውን የሚጥለው የፈሳሽ ማለቅ ነው። የ1 ሊትሩን ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) ሙሉ እሽግ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ፤ በአንድ ብርጭቆ ከበጠበጣችሁት ጨው በዝቶ ልጁን ይጎዳዋል። ኦአርኤስ ከታጣ በ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ማንኪያው አይቆለል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ በማንኪያ ቀጥሉ። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ለልጅ አትስጡ፤ አንቲባዮቲክም ከመድኃኒት ቤት በግምት አይገዛ።

ደም ከታየ፣ ከባድ ትኩሳት ካለ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንቱ ከጠፋ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዳር ከተማ ከመሸ ትራንስፖርት ስለሚቸግር «እስኪነጋ እንየው» አትበሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እስኪደርስም ኦአርኤሱን መስጠት አታቋርጡ።